የፍል ውሃው ባለውለታ

ገበያው ደግ ሰው ነው። ደግነቱን ያላየ ሰው ቁሐር ሚካኤል መንደር ውስጥ አይገኝም፤ መች ሳያሳይ ያድርና! ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ በሰጠ ጊዜ ራሱ ዘርግቶት ቅጥሩን ዞሯል። ለእድሩ ድንኳን ሲገዛ ስሙን በቀይ ቀለም አስጽፎበታል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ የገበያውን ስም ያነባል። በሩዝ ከበረ፤ ባጃጅ ገዛ፤ ጥቁር መነጽር ገዛ። ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ቢኖር የሚያስታምመው ሰው ብቻ ነበር። እግዜር መች ያሳጣዋል፣ ታናሽ እኅቱ አማከለች ታመመችለት።

አማከለች አርባ ያልሞላት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ የያዘች፣ ምላሷ ስለታም ሴት ናት። ሕመሙ የጀመራት በዐይኗ ነው። አንድ ሰሞን ግራ ዐይኗን ጭጋግ ሸፈነውና ቆይቶ ራሱ ለቀቃት። በዓመቱ ደግሞ እግሯ ደነዘዘ፤ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ሳታውቅ ባዶ እግሯን ቤቷ የገባችበት ቀን አለ። ያም ሻል አላትና እንደገና ተመለሰ። መንደሩ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም። ብርድ ነው አለ። ዕድሜ ልኳን ሩዝ ማሳ ውስጥ እስከ ባቷ ውሃ ገብታ ስታርም የኖረች ሴት ብርድ ካልመታት ማን ሊመታት ነው? ይኼን ለማወቅ ሐኪም ዘንድ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ገበያው ግን ወሰዳት፤ ባጃጁን አዲስ የገዛ ሰሞን ነበር።

ባሕር ዳር ያለው ሐኪም ጭንቅላቷን በትልቅ መሣሪያ አስነሥቶ ካየ በኋላ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አላት። ቀስ ብሎም አስረዳት። ነርቭ ማለት እንደ መብራት ሽቦ ነው፤ ላዩ ላይ ልባስ አለው፤ የገዛ ሰውነቷ ያንን ልባስ እንደ አይጥ እየጋጠው ነው፤ ስለዚህ ጭንቅላቷ ያዘዘው ነገር እግሯ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ገበያው አጠገቧ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። መንደር ሲመለሱ ሐኪሙ ምን አለ ብለው ሲጠይቁት የነርቭ ብርድ ነው ብሎ አረፈው። አማከለች ከኋላው ሆና ሰማችው። ከሐኪሙ አፍ ብርድ የሚል ቃል አልወጣም፤ ወጥቶም ከሆነ ስለ ቢሮው መስኮት ሲያወራ ይሆናል።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ከሰጣት በኋላ ወደ ከውሰር መራት። ከውሰር የወረታ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው ወረታ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሥራዋ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ በሽታ ያዳከመውን እግርና እጅ እንደገና ማለማመድ። ለአማከለች አልዋሸቻትም። ይኼ ሕመም ተነቅሎ አይወጣም አለቻት፤ ብቻ ጉልበትሽን ሁሉ አስረክበሽው አትተኚም። ከበርጩማ ላይ እጇን ሳታስደግፍ መነሣትና መቀመጥ፣ ምሰሶ ይዛ በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዟን ከጣቷ እያገናኘች ግድግዳ ግድግዳውን መሄድ አስተማረቻት። ከደከማት በኋላ ሳይሆን ሳይደክማት እንድታርፍም ነገረቻት፤ ለገበሬ ሴት ከሁሉም የከበደው ትምህርት ይኼ ነው። ደግሞ ሙቀት እንድትሸሽ አጥብቃ አስጠነቀቀቻት። የተጋጠ ሽቦ ሲሞቅ ጨርሶ አያሳልፍም፤ ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል። ሥራሽን ፀሐይ ሳይከር ሥሪ፤ ሲሞቅሽ እርጥብ ጨርቅ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳትገቢ።

እርጥብ ጨርቅ! ብርድ ለመታት ሴት! መንደሩ ይኼን ሲሰማ አማተበ። ከተሜ መማር ሲበዛባት እንዲህ ያደርጋታል ተባለና ነገሩ ተዘጋ። ገበያውማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት የሚለው አንድ ነገር ሆነ፤ እኅቱን የሚያድናት ፍል ውሃ ነው፤ ብርድን ከአጥንት ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ከቅዳሴ መልስ ይኼንኑ፣ እድር ላይ ይኼንኑ፣ ወፍጮ ቤት ይኼንኑ። ፍል ውሃውን እሱ ያፈለቀው ይመስል ነበር።

በዚህ አገር በሽተኛ ማለት የተኛ ሰው ነው። ጠያቂ ሲመጣ በሽተኛው ተጋድሞ፣ ተሸፋፍኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መገኘት አለበት፤ ጠያቂውም ቁጭ ይላል፣ ይተክዛል፣ እግዜር ይማርሽ ይላል፣ ልቡ ረክቶ ይሄዳል። አማከለች ግን ጠያቂ ሲገባ ከበርጩማዋ ላይ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። ምን አለፋችሁ፣ ሰው ተቀየማት። እስፖርት ትሠራለች ተባለ። የታመመ ሰው እስፖርት ሲሠራ ማን አይቶ ያውቃል? ሰርክ የምትባለው የገበያው ሚስት፣ ነውሩ ለእሷም ተርፎ፣ ጠያቂ ከሩቅ ባየች ቁጥር እየሮጠች መጥታ አማከለችን ታስተኛታለች፤ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ትደርብባታለች። ጠያቂው እስኪወጣ አማከለች በላብ ትጠመቃለች፤ እግሯም አልታዘዝ ይላል። ያን ጊዜ ሰርክ ከንፈሯን ትመጥና ብርዱ ጸናባት ብላ ሦስተኛ ጋቢ ፍለጋ ትሄዳለች።

አስመሳይ ነች የሚሏትም ነበሩ። ጧት ስትራመድ ያዩዋት ከሰዓት በኋላ ተጋድማ ሲያገኟት አስመሳይ አሏት፤ ከሰዓት በኋላ ተጋድማ ያዩዋት ጧት ስትራመድ ሲያገኟት እነሱም አስመሳይ አሏት። መንደሩ የሩዝ ውሃ መውረጃ የት ይቆፈር በሚለው እንኳ ተስማምቶ አያውቅም፤ በእሷ ግን ተስማማ።

ይኼ ሁሉ ምንም አልነበረም፤ አማከለች ስቃ ታልፈው ነበር። የማያስቀው የማሳዋ ነገር ነው። አባታቸው ሲሞት መሬቱ ለሁለት ተከፍሎ የእሷ ድርሻ ከገበያው ማሳ ጋር ድንበር ይጋራል። ሴት ሞፈር አትጨብጥምና የሚያርስላት ጎረቤቷ ይርዳው ነው፤ እሷ ደግሞ በፋንታው ክረምት ሲገባ የእሱን ሩዝ ታርምለታለች። ወንፈል ነው፤ ጉልበት በጉልበት። ድሮ እንደ እሷ አረም ላይ የሚፈጥን እጅ አልነበረም። እንግዲህ እግሯ ውሃ ውስጥ ካልቆመ ይርዳው በባዶ አያርስላትም፤ ይርዳው ካላረሰ መሬቱ በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት ሊካፈሉ፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ በእኩል የወጣ መሬት ደግሞ አቅም ላነሳት ሴት ሲመለስ አማከለች አላየችም። ያቺ ማሳ ከሄደች ከእሷ የሚቀረው አልጋው ላይ የሚጋደመው ብቻ ነው። ይኼን ታውቃለች፤ ሌት ተቀን የሚያንገበግባትም ይኼው ነው።

በእኩል ሊይዝ የተዘጋጀው ሌላ ሰው ማን ነው ካላችሁ፣ ገበያው ነው። እኅቱ እንዳትንገላታ ሲል መሬቱን ሊይዝላት ተነሣ። ሊይዝላት ነው ያለው፣ ቃሉን ልብ በሉልኝ። እሷንም ወደ ግቢው አምጥቶ ማድ ቤቱን ተደግፋ የተሠራችውን ክፍል ሊሰጣት ነው፤ ክፍሏ ቀኑን ሙሉ እሳት ስለማይለያት ለብርድ ትስማማለች። ሽማግሎች ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ገበያው ቤት ተጠሩ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ዓለምብርሃን ነገሩን ሊመሩት፣ ይርዳውም መጥቶ ከእንግዲህ ለእሷ እንደማያርስ ሊናገር ነው ተባለ።

የሚገርመው አማከለች በዚያ ክረምት እያረመች ነበር። ጎሕ ሲቀድ ከዘራዋን ይዛ ወደ ይርዳው ማሳ ትወርዳለች፤ በርጩማዋን ድንበሩ ላይ ታስቀምጣለች፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ያልለቀቀው ውሃ ውስጥ ስትገባ እግሯ ይመለስላታል። ጥቂት ታርማለች፣ ሳይደክማት ታርፋለች፣ ደግሞ ትገባለች። ከውሰር እሑድ እሑድ ወረታ ስትመጣ ይኼን ሰምታ፣ እኔ ካስተማርኩሽ ሁሉ የተሻለው ይኼ ነው ብላታለች። ፀሐይ ሲጠነክር አማከለች ወደ ቤቷ ተመልሳ ጥላ ውስጥ ትጋደማለች። ያችን የጧቷን ሥራ ያየው ይርዳው ብቻ ነው። ይርዳው ደግሞ ካልጠየቁት የማይናገር፣ ሲጠይቁትም ጥያቄው እስኪረሳ የሚያስብ ሰው ነው።

ሽማግሎቹ ሊቀመጡ አንድ ቀን ሲቀር ገበያው አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ፍል ውሃ ልውሰድሽ አላት። ሰው ለፍል ውሃ ጳጉሜን ይጠብቃል፤ እሱ ግን በሐምሌ ቸኮለ። ሽማግሌ ፊት ከመቅረባችን በፊት የመጨረሻውን ልሞክርላት ብሎ አስቀድሞ ለቄሱም ለጎረቤቱም ተናግሯል፤ ሁሉም መርቀውታል። አማከለች የከውሰርን ማስጠንቀቂያ ነገረችው። እሱ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ወለወለና፣ እምቢ ካልሽ ነገ ሽማግሌ ፊት መዳን የማትፈልግ ሴት ትባያለሽ አላት። እውነቱን ነው፣ ትባላለች። እግሬን ብቻ ነክሬ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ተሳሳተች።

እሑድ ማልደው ተነሡ። ገበያው ሐሙሲት ሲደርሱ ቁርስ ቤቱ ፊት ባጃጁን አቁሞ፣ እኅቴን ፍል ውሃ ልወስዳት ነው እያለ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም አስታወቀ። ሰዎች እየመጡ በባጃጁ መጋረጃ ቀዳዳ አማከለችን አዩ፤ ወንድም ይስጥሽ እንዳይሏት ሰጥቷታልና ወንድምሽን ይባርክልሽ አሏት። እሷ በጋቢ ተጠቅልላ እንደ ተሸጠ በግ ተቀምጣለች። ከዚያ በአንበሳሜ በኩል ታጥፈው፣ ድንጋዩን እየዘለሉ ፍል ውሃው ዘንድ ደረሱ።

ሴቶቹ ለብቻ የሚታጠቡበት ቦታ አለ። ገበያው እዚያ ድረስ መግባት ባይችልም ትእዛዙ ገብቷል፤ እስከ አንገቷ አስገቧት ብሎ ለታጣቢ ሴቶች አደራ ብሏል። አማከለች እግሬን ብቻ አለች። ማን ይስማት? ክንደ ብርቱ እናቶች፣ አይዞሽ የኔ እመቤት እያሉ፣ ብብቷን ይዘው ቁልቁል አስገቧት። ክፋት የላቸውም፤ ክፋት ቢኖራቸው ተሳድባ ትወጣ ነበር። መጀመሪያ ሰውነቷ ደስ አለው። ወዲያው ያ የድሮው ጭጋግ ግራ ዐይኗ ላይ ወረደ። ከዚያ እግሯ ጠፋ። አለ ብላ ብትፈልገው የለም። ልቆም ብላ ብትሞክር ውሃው ወደ አፏ መጣና ጮኸች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ብርዱ እየጮኸ ሲወጣ የሰሙ መሰላቸው።

ተሸክመው አወጧት። ገበያው ተጠርቶ መጣና እኅቱን እንደ እርጥብ ጆንያ በጀርባው አዝሎ ወደ ባጃጁ ወሰዳት። ሲያዝላት እግሮቿ ከኋላው ሲንጠለጠሉ፣ አንገቷን መደገፍ ሲያቅታት በደንብ አይቷል። ምን ያህል እንደከበደችው፣ ጧት ባጃጁ ላይ በራሷ እግር የወጣች ሴት ምን እንደሆነች አይቷል። ለጊዜው ግን ብርዱ እየወጣ ነው ብሎ እንደገና በደረቅ ጋቢ ጠቀለላትና የባጃጁን ላስቲክ ግራና ቀኝ ዘጋው። ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ውስጡ እንደ ምድጃ ጋለ።

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ አንገቱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ተናገራት።

"በይ እታለም፣ እንግዲህ ማስመሰሉ ይብቃሽ። ዛሬ አባ ዓለምብርሃን ፊት በገዛ አፍሽ አልቻልኩም በይ። ለኔ ብዬ አይደለም።"

አማከለች አለቀሰች። ከንዴት አለቀሰች፣ ከፍርሃትም አለቀሰች። ከውሰር ሲቀዘቅዝሽ ይመለሳል ብላታለች፤ ግን ዛሬ ባይመለስስ? ይኼ ደግ ሰው በደግነቱ ጨርሷት ቢሆንስ? ወገቧ ላይ ጥፍሯን ሰካች፤ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ተሰማት። ከዚያ በታች ምንም የለም። ማሳዋ ዐይኗ ላይ መጣ፣ የማድ ቤቱም ክፍል መጣባት፤ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ሰው ጠልታ አታውቅም።

ወረታ ሳይደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። አስፋልቱን ለቀው ወደ ቁሐር ሚካኤል ሲታጠፉ ዝናቡ ወረደ፤ የፎገራን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አይዘንብም፣ ይገለበጣል። መንገዱ ውሃ ሆነ። ገበያው ነዳጅ ሰጠ፤ ባጃጁ አጓራና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ፤ ገፋ፤ ተንሸራተተ፤ ተደፋ። ሲነሣ መነጽሩ ፊቱ ላይ የለም። ውሃው ውስጥ በእጁ እየዳበሰ መፈለግ ጀመረ፤ በዚያ መሐል እንኳ እንዳትበርጂ ጋቢውን እንዳትገልጪ ማለቱን አልተወም።

አማከለች ጋቢውን ገፍፋ ጣለችው። ላስቲኩን በእጇ ቀደደችው። ዝናቡ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ደረቷን መታት። ሁለቱን እግሮቿን በእጇ እያነሣች አንድ በአንድ ጎርፉ ውስጥ አስገባቻቸውና የባጃጁ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ተጣበቀ፣ ጥርሷ ተንገጫገጨ፣ እሷ ግን ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ጨምር አለችው። መጀመሪያ የቀኝ እግሯ ጣት ጠጠር ረገጠ፤ ጠጠር መሆኑን አወቀችው። ቀጥሎ ጉልበቷ መጣ። ግራ እግሯ እንደ ልማዱ ዘገየ፤ እሱም መጣ። እጇን ሳታስደግፍ ለመነሣት ሞከረች፤ ተቀመጠች። ደግማ ሞከረችና ቆመች። ከዘራዋን ከመቀመጫው ሥር ስባ አወጣች። የመንገዱን ድንጋይ በከዘራዋ እየፈተሸች፣ ተረከዟን ከጣቷ እያገናኘች፣ ግድግዳ ባይኖርም ግድግዳ እንዳለ አድርጋ መራመድ ጀመረች። ገበያውን ጎርፉ ውስጥ ተንበርክኮ መነጽር ሲፈልግ አልፋው ሄደች። እሱ ቀና ብሎ አያት።

ሽማግሎቹ የገበያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝናቡ እንዲያባራ እየጠበቁ ነበር። ሰርክ ለበሽተኛዋ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፋ፣ ጋቢዎች ደርድራ ተዘጋጅታለች። ይርዳው ጥግ ላይ ቆሟል። አማከለች በበሩ ገባች፤ ውሃ ከጸጉሯ እየወረደ፣ በከዘራ ቢሆንም በእግሯ ገባች። ቄስ ዓለምብርሃን ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሡና መስቀላቸውን አወጡ። ሽማግሎቹ አማተቡ። ሰርክ ጋቢ ይዛ ልትሮጥ ስትል አማከለች በዐይኗ አስቆመቻት፤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ሁሉም እያዩ እጇን ሳታስደግፍ ተነሣች። አንዱ ሽማግሌ ፍል ውሃ፣ ፍል ውሃ እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ።

"የለም አባ፣" አለች፤ "አንቱ ይስሙኝ። ፍል ውሃው ጣለኝ። ያነሣኝ ዝናቡ ነው።"

ከዚያም ሁሉን ነገረቻቸው። ሕመሟ ብርድ እንዳልሆነ፣ ሙቀት እንደሚጥላት፣ አሁን ብትቆምም እንዳልዳነች፣ ነገ ልትወድቅ እንደምትችል፣ ያም ሆኖ በጧቱ ቅዝቃዜ እየሠራች እያረፈች ማረም እንደምትችል፣ ከውሰር ያስተማረቻትን ሁሉ አንድም ሳትጨምር ነገረቻቸው። ሰሟት። ሰምተውም ተያዩ። ዝናብ ሽባ አነሣ! ጉድ በል ፎገራ! አንደኛው ሽማግሌ በእዝነት ፈገግ አለ፤ ሌላው ደግሞ ያን ያህል የደከመላትን ወንድም ውለታ መካድ ደግ አይደለም ብሎ ገሠጻት። እውነት መናገር እንዲህ ዋጋ ሲያጣ አይታ አማከለች ሳቅ መጣባት፤ ዋጥ አደረገችው።

በዚህ መሐል ገበያው ደረሰ። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። መነጽሩ የለም፤ ያለ መነጽሩ ዐይኑ ትንሽ ናት። ትከሻው ላይ የራሰ ጋቢ ተሸክሟል። ከሁለቱ በሽተኛው የትኛው እንደሆነ አዲስ የመጣ ሰው ቢጠየቅ እሱን ያመለክት ነበር። ቄስ ዓለምብርሃን ቦታ አስለቀቁለትና ጠየቁት።

"ገበያው፣ አብረሃት የነበርከው አንተ ነህ። እስኪ አንተ ንገረን፤ ፍል ውሃው ነው ወይስ እሷ እንደምትለው ነው?"

ገበያው ጭቃውን ከፊቱ ጠረገ። አማከለች ትኩር ብላ አየችው፤ ትንፋሿን ያዘች። ማሳዋ አሁን ያለው በዚህ ሰው አፍ ላይ ነው። ፍል ውሃው ጥሏታል፣ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያወጣኋት ቢል፣ እውነቱን ተናግሮ መሬቱን ያገኛል፤ የወደቀችውን ሴት ማን ማሳ ያስይዛታል? ግን እንደዚያ ካለ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በእድሩ፣ በወፍጮ ቤቱ ያወራው ሁሉ ገደል ገባ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ከነእርጥብ ጨርቋ ልክ ሆና እሱ ተሳሳተ ማለት ነው። ዞር ብሎ ሽማግሎቹን አየ። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ዐይናቸው ላይ ያየው ነገር በቀይ ቀለም ከተጻፈ ስም ይበልጣል። ደረቱ ከነጭቃው ሲነፋ አማከለች አየችው፤ ያን ጊዜ ነው ትንፋሿን የለቀቀችው።

"ፍል ውሃው ነው እንጂ፣" አለ ገበያው። "እስከ አንገቷ ነው ያስነከርኳት። ብርዱ ሲወጣ በዐይኔ አይቻለሁ።"

በረንዳው በምስጋና ተሞላ። ሰርክ እልል አለች። ቄስ ዓለምብርሃን ገበያውን በመስቀል ዳሰሱትና ረጅም ምርቃት መረቁት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። ምርቃቱ ሲያልቅ ግን ቄሱ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ለመነሣት ተዘጋጁ። ገበያው ወዴት ነው አባ አለ። እሳቸውም እንግዲህ እግዜር ከፈወሳት፣ አንተም በዐይንህ አይቼ ነው ካልክ፣ የዳነች ሴት መሬት በእኩል የሚያዝበት ምክንያት የለም፣ ነገሩ በጸሎት ይዘጋል አሉ። ገበያው አሁን አልዳነችም ቢል የገዛ ምስክርነቱን ሊበላ ነው። ወደ ይርዳው ዞረና በዐይኑ ለመነው። ይርዳው እስካሁን ሲያስብ ቆይቶ ነበርና ነገሩ ያለቀለት ያን ጊዜ ነው።

"የኔን ሩዝ ግማሹን አርማልኛለች፣" አለ። "ለከርሞም አርስላታለሁ።"

አማከለች በከዘራዋ ተደግፋ ተነሣች፤ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ጭቃ የነካውን ትከሻውን ሳመች። እግዜር ይስጥልኝ አያ አለችው፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። ከዚያ ቤት ሰው መሐል ምን እንዳለችው የገባው እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ለገበያው ምንኛ ደግ ነበር። ቄስ ዓለምብርሃን ሲወጡ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆም ብለው ጉልበታቸውን አሹ፤ የኔስ ጉልበት መች ነው አሉት። ሁለተኛው ሽማግሌ ወገቡን አሳየው። ባለውለታ የተባለ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ ስም ወጥቶለታል።

አማከለች በዚያ ቀን የተራመደችውን ከፈለችበት። በማግሥቱና በማግሥቱ ማግሥት እርጥብ ጨርቅ አንገቷ ላይ ጥላ፣ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ተኛች። ሰርክ ጋቢ ይዛ መጥታ ደጁ ላይ ስትደርስ፣ ባልሽ አድኖኛል አይደል፣ ጋቢው ለምንድን ነው ብላ መለሰቻት። ከውሰር ስልክ ስትደውልላት ፍል ውሃ መግባቷን ሰምታ እስኪበቃት ተቆጣቻት፤ የሽማግሎቹን ነገር ስትሰማ ግን ስልኩን አጠገቧ ለነበረ ሰው አስይዛ ነው የሳቀችው። ከዚያ ሙሉውን ትምህርት ከመጀመሪያው አስጀመረቻት፤ ከበርጩማ መነሣት፣ መቀመጥ፣ መነሣት።

ሳምንት ሳይሞላ አማከለች ጎሕ ሲቀድ ወደ ይርዳው ማሳ ወረደች። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ እግሯ አለ። በርጩማዋን ድንበሩ ላይ አስቀምጣ አረሙን እየነቀለች ሳለች በመንገዱ ላይ የባጃጅ ድምፅ ሰማች። ገበያው ነው። ከኋላው ቄስ ዓለምብርሃን ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሁለቱ ሽማግሎች ተደራርበው፣ አንዲት የማታውቃቸው አሮጊት በመሐላቸው ተጨምቀው ተቀምጠዋል። ወደ ፍል ውሃ ነው። ትናንትም ሄዷል፣ ነገም ይሄዳል። ለአሮጌ ጉልበት ሙቅ ውሃ ደግ ነውና ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸዋል። ከእሷ ማሳ ድንበር ወዲያ ያለው የገበያው ሩዝ ግን አራሚ አጥቶ አረሙ ሩዙን በልጦታል።

አማከለች ቀና ብላ እጇን አነሣችለት። ገበያውም እጁን አነሣ፤ ያለ መነጽሩ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ አረሟ ተመለሰች፤ ፀሐይ ሳይከር የያዘችውን መደብ መጨረስ አለባት።